መታጠፊያ ላይ ዘይት የሚጠማው ሞተር

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሰባቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው ሌሎቹን ለሚቀጥለው አቆይተን አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩ የሞተርሳይክል ሞተር በተገጠመላቸው ቀላል የትራክ መኪኖች ላይ የሚደርሰው የዘይት ጥማት፣ ማለትም መኪናው ሲታጠፍ ዘይቱ ሸሽቶ ሞተሩ ያለ ዘይት መሥራቱ ነው። ሆንዳ ፋየርብሌድን በ1992፣ ያማሃ አር1ን በ1998፣ ሱዙኪም ሃያቡሳን በ1999 ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ፣ ከባድ ያልሆነ፣ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ የሚሽከረከርና ካምቢዮውን በሆዱ የያዘ ሞተር ለመኪና ሠሪዎች ቀርቧል። በ1997 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው ራዲካል የእሽቅድምድም መኪኖቹን የገነባው በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ነው፤ ከ1981 ጀምሮ በፎርሙላ ኤስ ኤ ኢ ስም በሚካሄደው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድርም ከአብዛኞቹ ባለነዳጅ መኪኖች ጀርባ የሚሰማው የሞተርሳይክል ድምፅ ነው። ሞተሩ ግን ለመኪና አልተሠራም፤ ይህንን የሚያስታውሰንም ብዙ ጊዜ በዘይቱ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በገዛ እጄ በሠራኋት፣ 480 ኪሎ ግራም በምትመዝን መኪና ላይ የሃያቡሳ ሞተር ገጥሜያለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ትራክ ላይ ስወጣ ረጅም የግራ መታጠፊያ ልጨርስ ስል የዘይት መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከሁለት ዙር በኋላ ሞተሩ ከታች መንኳኳት ጀመረ። ሲፈታ የሁለት ቢየላዎች (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ፣ ጋር የሚያገናኙ ዘንጎች) ብሮንዚኖች (በመካከላቸው የሚገቡ ስስ የብረት ማቀፊያዎች) ተልጠው ተገኙ። ዘይቱ በትክክለኛው ልክ ሙሉ ነበር። ይኸው ሞተር ሞተርሳይክሉ ላይ ሳለ ያለ አንዳች እንከን ለዓመታት ሠርቷል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ደብዳቤዎ ምክንያቱን ይዞ መጥቷል፤ ረጅም መታጠፊያ፣ የመታጠፊያው መጨረሻ፣ ብልጭ ብሎ የጠፋ መብራት፣ ከዚያም የቢየላ ብሮንዚን። ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ ነበር፤ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት የመምጠጫው አፍ ዘንድ ግን አልነበረም።

ሞተርሳይክል ሲታጠፍ ይጋደማል። ነጂው ሚዛኑን የሚጠብቀው የመሬት ስበትና ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ተዳምረው በሞተርሳይክሉ ቁመት ልክ ወደ ታች እንዲያርፉ አድርጎ በማጋደም ነው። ውኃ የተሞላ ባልዲ በክንዱ የሚያሽከረክር ልጅ ላይ ውኃው የማይፈስበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሞተርሳይክሉ የቱንም ያህል ቢጋደም፣ በውስጡ ላለው ዘይት ታች ማለት ሁልጊዜ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ የኮፓው፣ ወለል ነው። ሞተሩን የነደፉት መሐንዲሶች ኮፓውን ጠባብና ጥልቅ፣ መምጠጫውንም ከጥልቁ ቦታ ያደረጉት ይህንን ተማምነው ነው፤ ለሠሩለት ተሽከርካሪም ፍጹም ትክክል ነበሩ።

መኪና ግን አይጋደምም። በመኪና ውስጥ የጎን ግፊያው ከመሬት ስበት ጋር እኩል ሲሆን፣ ማለትም 1 ጂ ሲደርስ፣ የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። በ1.3 ጂ ወደ 52 ዲግሪ፣ በ1.5 ጂ ወደ 56 ዲግሪ ይደርሳል፤ ክንፍ ያላቸው መኪኖች በሚያልፉት 2 ጂ ላይ ደግሞ 63 ዲግሪ ነው። በዚህ ጊዜ ዘይቱ በኮፓው ወለል ላይ የተኛ ነገር መሆኑ ቀርቶ በአንድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ አልፎም ወደ ክራንክ ሻፍቱና ወደ ፍሪሲዮኑ ክፍል የሚወጣ ነገር ይሆናል። መምጠጫው አየር ይስባል፤ ፓምፑም የሰጡትን የሚገፋ መሣሪያ ነውና አየሩን ወደ ብሮንዚኖቹ ይልከዋል።

ጉዳቱ በመታጠፊያው መጨረሻ ላይ የታየውም በአጋጣሚ አይደለም። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ከጠቅላላው አራት ሊትር ያህል ዘይት ቀላል የማይባለው እጅ በሞተሩ አናት (በቴስታታው)፣ በግድግዳዎቹና በቱቦዎቹ ላይ ነው፤ ኮፓው ውስጥ ያለው ቆሞ ሲለካ ከነበረው ያንሳል። መታጠፊያው ሲረዝም ደግሞ ወደ ቴስታታው የወጣው ዘይት በውጭው በኩል ተጠራቅሞ ይቀራል፤ በተለይ የካም ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ዋሻ፣ ዋነኛው የዘይት መመለሻ መንገድ፣ ከውስጠኛው ጎን ሲሆን ይህ ይብሳል። ለዚህ ነው አንዳንድ መኪኖች የቀኙን መታጠፊያ በሰላም እያለፉ በግራው ብቻ ወይም በተቃራኒው የሚጎዱት። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ1.3 ጂ የሚታጠፍ መኪና ወደ 60 ሜትር በሚጠጋ ሬዲየስ ላይ ይዞራል፤ ግማሽ ክብ ለመጨረስም ሰባት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በደቂቃ 11,000 ዙር በሚሽከረከር ሞተር አንድ ሰከንድ ማለት ከ180 በላይ ዙር ነው፤ በዚያች አንዲት ሰከንድ ብሮንዚኑ ዘይት ካላገኘ ምን ያህል ብረት ከብረት ጋር እንደሚተሻሽ መገመት አያዳግትም።

ቀድመው የሚጎዱት የቢየላ ብሮንዚኖች የሆኑት የዘይቱ መንገድ መጨረሻ ላይ ስለሚገኙ ነው። ዘይቱ ከፓምፑ ወደ ፊልትሮው፣ ከዚያ ወደ ዋናው የዘይት መስመር፣ ከዚያ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ዋና ብሮንዚኖች ይሄዳል፤ ቢየላዎቹ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች በኩል ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በተለምዶ ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንን የሚሞላው ዘይት ሲቋረጥ ሌላ መከላከያ የለም። ኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከር ክራንክ ሻፍት የነበራቸው እንደ ካዋሳኪ ዜድ1 ያሉ የቀድሞ ሞተሮች በትንሽ ግፊት መሥራት ይችሉ ስለነበር እንዲህ ያለውን መቋረጥ ይበልጥ ይታገሱ ነበር፤ የዛሬዎቹ ባለብሮንዚን ሞተሮች ግን አይታገሱም።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር ልጨምር። በአብዛኞቹ ሞተርሳይክሎች ላይ መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ የሚሠራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ብቻ ነው። ሞተሩ በነጻ ሲንደቀደቅ ይህ ተገቢ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ በ10,000 ዙር ግን ግማሽ ባር ማለት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ መርዶ ነው። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት መብራቱ ስለጠፋ ብቻ አምኜው ዙሩን ጨርሼ አንድ ሞተር ቀብሬያለሁ፤ ስለዚህ የእርስዎን ስሜት አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰዎች ከልኩ በላይ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ዘይት ጨምር ይሉኛል። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ ጎማዎ የመንገድ ጎማ ከሆነና መታጠፊያዎቹ አጫጭር ከሆኑ ጥቂት መጨመር ይረዳ ይሆናል፤ መፍትሔ ግን አይደለም፤ ከጥቂት በላይ ሲሆን ራሱ ችግር ይሆናል። ዘይቱ ከፍ ሲል ክራንክ ሻፍቱ ይገርፈዋል፤ የተገረፈ ዘይት ደግሞ አረፋ ይሆናል። አረፋ በመምጠጫው በኩል ሲገባ መለኪያው ግፊት አለ ይላል፤ ብሮንዚኑ የሚደርሰው ግን ከፊሉ አየር ነው። ከዚህ ሌላ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ዘይቱ በመተንፈሻው በኩል ይወጣል፤ ማጠራቀሚያ ዕቃ ከሌለም ትራኩ ላይና ጎማዎ ላይ ይፈስሳል፤ ያ ደግሞ ከእርስዎ አልፎ ከኋላ ለሚመጣው ሰው አደጋ ነው።

ልኩን ራሱ በጥንቃቄ ይመልከቱት። በሞተሩ ጎን ያለችው የዘይት መስኮት እውነት የምትናገረው ሞተሩ በሞተርሳይክሉ ላይ በነበረበት ማዕዘን ሲቀመጥ ነው። ብዙ ሠሪዎች ሞተሩ ከኮፈኑ በታች እንዲገባ ጥቂት ያጋድሙታል፤ ያን ጊዜ መስኮቷ ታሳስታለች። ኮፓውን ባዶ አድርገው፣ ፊልትሮ ቀይረው፣ በመመሪያው የተጻፈውን መጠን በሊትር ለክተው ይሙሉ፤ ሞተሩን ጥቂት አሠርተው ካጠፉ በኋላም ዘይቱ የደረሰበትን አዲሱን ቦታ ምልክት ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ ለአንድ የትራክ መኪና ሦስት ምርጫዎች ቀርበውልኛል፤ በኮፓው ውስጥ ማገጃ ላሜራ ማስበየድ፣ ግፊት የሚያጠራቅም የዘይት ሲሊንደር መጨመር፣ ወይም ወደ ድራይ ሳምፕ (ዘይቱን ከሞተሩ ውጭ በታንከር ወደሚያስቀምጠው ሥርዓት) መለወጥ። ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ከሦስቱም በፊት አራተኛ ነገር እንዲገዙ እለምንዎታለሁ፤ የዘይት ግፊት ሴንሰርና መዝጋቢ። ሴንሰሩ ከፊልትሮው በኋላ ከዋናው የዘይት መስመር ላይ ግፊቱን ይውሰድ፤ የሞተሩ ንዝረት እንዳይሰብረውም በቀጥታ ሞተሩ ላይ ከመሰካት ይልቅ በተጣጣፊ ቱቦ ወጣ ብሎ በሻሲው ላይ ይታሰር። መዝጋቢው በሰከንድ ቢያንስ 50 ጊዜ ይመዝግብ፤ ከግፊቱ ጎን የሞተሩን ዙርና የጎን ግፊያውን አብሮ ያስቀምጥ። ከዚያ ከ6,000 ዙር በላይ ያለውን ብቻ ለይተው ግፊቱን ከጎን ግፊያው ጋር ያስተያዩት። ግፊቱ ቀጥ ብሎ ከቆየ ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ከወደቀ ደግሞ በየትኛው አቅጣጫ፣ በስንት ጂ፣ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደወደቀ በዓይንዎ ያያሉ፤ የትኛው መፍትሔ እንደሚበቃዎትም በአብዛኛው ከዚያው ይገለጣል። ነጂው በመታጠፊያ ውስጥ የመለኪያ ቀስት ማንበብ ስለማይችልም ትልቅና ደማቅ መብራት ፊቱ ላይ ይቀመጥ፤ የሚበራበት ግፊትም ከዙሩ ጋር ከፍ የሚል ቢሆን መልካም ነው።

ማገጃውን በተመለከተ፣ ማንም ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባ ሥራ ነው እላለሁ። ጥሩ ማገጃ በመምጠጫው ዙሪያ የተሠራ ሣጥን ነው፤ ከላይ ክዳን አለው፤ በጎኖቹም ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ባለማጠፊያ በሮች አሉት። ዘይቱ ወደ መምጠጫው ሲሮጥ በሮቹን ገፍቶ ይገባል፤ ሊወጣ ሲል ራሱ ይዘጋቸዋል። ክዳኑ ከበሮቹ ያላነሰ አስፈላጊ ነው፤ በ50 ዲግሪ ያዘነበለ ዘይት ዝቅተኛ ግድግዳን ተሻግሮ ይወጣልና። በአሠራሩ ላይ ሰዎች ሲሳሳቱ ያየኋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ግን ሞተር ይገድላሉ። መምጠጫው ከኮፓው ወለል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ሲጠጋ ራሱን ያንቃል፤ ሲርቅ ቶሎ አየር ያገኛል። ኮፓውን ከመሬት ለማራቅ ቆርጠው ያሳጠሩ ሁሉ መምጠጫውንም በዚያው ልክ ማሳጠራቸውን ያረጋግጡ። ማገጃው የግፊት ማስተንፈሻ ባልቦላው ዘይት የሚመልስበትን ቦታ አይዝጋ። የበሮቹ ማጠፊያ ሙቀት ሲያገኝ እንዳይጣበቅ ክፍተት ይኑረው፤ ቡሎኖቹም እንዳይፈቱ ይታሰሩ። ከብየዳ በኋላ የቀረች አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ መምጠጫውን አልፋ ፓምፑን መፋቅ ትችላለች፤ ስለዚህ ኮፓው ታጥቦ፣ ተቦርሽቶ፣ እንደገና ይታጠብ። ኮፓውን በስፖንጅ መሰል ነገር መሙላትን ግን አልመክርም፤ በሙቅ ዘይት ውስጥ ከጊዜ በኋላ እየተበጣጠሰ መምጠጫውን የሚደፍን ቁስ በሞተር ውስጥ ቦታ የለውም።

የግፊት ማጠራቀሚያው ሲሊንደር በውስጡ ፒስተን አለው፤ በአንዱ ወገን ዘይት፣ በሌላው የታመቀ አየር። ሞተሩ ግፊት ሲኖረው ሲሊንደሩ ይሞላል፤ ግፊቱ ሲወድቅ አየሩ ዘይቱን ወደ ዋናው መስመር ይገፋዋል። ዘይቱ ወደ ብሮንዚኖቹ ፈንታ በፓምፑ በኩል ወደ ኋላ እንዳይሸሽ በፓምፑ መስመር ላይ የአንድ አቅጣጫ ባልቦላ የግድ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ብሮንዚኖቹን በዘይት ማራስ መቻሉ ለብዙ ጊዜ ቆሞ ለሚነሣ የትራክ ሞተር ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ልኩን ይወቁለት። ለምሳሌ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር በደቂቃ 30 ሊትር የሚያሳልፍ ቢሆን በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ ሁለት ሊትር ከሚይዝ ሲሊንደር በሚበቃ ግፊት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን እንኳ ሦስት ሰከንድ ነው። መዝገብዎ የግማሽ ሰከንድ ጉድጓድ፣ ማለትም የግፊት መውደቅ፣ ካሳየ ሲሊንደሩ ከበቂ በላይ ነው። ግፊቱ ለአራት ሰከንድ የሚወድቅ ከሆነ ግን ሲሊንደሩ ጉዳቱን ወደ መታጠፊያው መጨረሻ ከማዘግየት በቀር አያድንዎትም። ከሲሊንደሩ የወጣው ዘይት ተመልሶ ኮፓው ውስጥ ስለሚወርድ የዘይት ልክ ሲለካ ሲሊንደሩ ሞልቶ ባልቦላው እንደተዘጋ መለካትም አይዘንጋ።

ድራይ ሳምፕ ከነዚህ ሁሉ የሚለየው ችግሩን ከሥሩ ስለሚነቅለው ነው። ዘይቱ በሞተሩ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም፤ መልቀሚያ ፓምፖች ከተለያዩ የኮፓው ማዕዘኖች እየለቀሙ ወደ ውጭ ታንከር ይልኩታል፤ የግፊቱ ፓምፕ ከታንከሩ ሥር ይስባል። የመልቀሚያው አቅም ከግፊቱ ፓምፕ አቅም በግልጽ መብለጥ አለበት፤ የሚስበው ዘይት ብቻ ሳይሆን አየርም ነውና። ታንከሩ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የበዛ ይሁን፤ ዘይቱ ከላይ በጎን በኩል ገብቶ ግድግዳውን እየዞረ ሲወርድ አየሩ ይለያል፤ ረጅምና ጠባብ ታንከር ውስጥ ደግሞ የመውጫው ቀዳዳ ዘይቱ ባዘነበለ ጊዜም አይገለጥም። ኮፓው ስለሚሳሳ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ መትከል ይቻላል፤ ይህም የመኪናውን የክብደት ማዕከል ያወርዳል። በሞተርሳይክል ሞተር ላይ አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ፤ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ጋር አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ስለዚህ የኮፓው ዘይት ሲወገድ ማርሾቹ በምን እንደሚረሱ፣ በግፊት በሚመጣ ዘይት ነው ወይስ በመርጨት፣ ከጥገና መመሪያው ያጣሩ።

እንግዲህ ፍርዴን ከጠየቁ ይህ ነው። በመንገድ ጎማ የሚነዱ ከሆነ፣ በሚገባ የተሠራ ማገጃና እውነተኛ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። ማገጃው ተሠርቶም አጫጭር ጉድጓዶች ከታዩ ሲሊንደሩን ይጨምሩ። ስሊክ (ጥርስ የሌለው የእሽቅድምድም) ጎማና ክንፍ ያለው መኪና ከሆነ ግን በሁለቱ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ቆጥቦ ድራይ ሳምፑን መግዛት ይሻላል፤ አንድ ሞተር እንደገና የማሠራቱ ወጪ ብቻ የልዩነቱን ትልቅ እጅ ይሸፍናልና። ለዓመታት በሰላም የሠራ መኪና ጎማው የተሻለ በተደረገለት ሳምንት ሞተሩን ያጣበትን አጋጣሚ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጎማ ሲለውጡ የዘይቱንም ነገር እንደለወጡ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ሞተሯ ከፊት ሆኖ ኃይሉ በካርዳን ወደ ኋላ ይሄዳል። የጓደኛዬ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በሰንሰለት ትነዳለች። ሞተራችን አንድ ዓይነት ነው፤ እርሱ ያደረገው ማገጃ ለእኔ ይሠራል?

መልስ፦ እንዳለ መቅዳቱ አይበጅም። በጓደኛዎ መኪና ውስጥ ሞተሩ ልክ በሞተርሳይክሉ ላይ እንደነበረው ክራንክ ሻፍቱ አግድም ሆኖ ተቀምጧል። የመታጠፊያው ግፊያ በሞተሩ ላይ የሚያርፈው ነዳፊው ፈጽሞ ባልጠበቀው አቅጣጫ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በእርስዎ መኪና ግን ከካርዳኑ ጋር እንዲገጥም ሞተሩ 90 ዲግሪ ዞሯል፤ ክራንክ ሻፍቱ በመኪናው ርዝመት ልክ ተኝቷል። ስለዚህ መኪናው ሲታጠፍ ዘይቱ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ፊት ወይም ኋላ ነው። ይህን አቅጣጫ ነዳፊው ያውቀዋል፤ ሞተርሳይክልም ፍሬን ሲይዝና ሲፈተለክ ዘይቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳልና። ያም ሆኖ ሞተርሳይክል ፍሬን የሚይዘው ለጥቂት ሰከንድ፣ አብዛኛውን ጊዜም ስሮትሉ ተዘግቶ ነው፤ እርስዎ ግን ያንኑ ግፊያ ለሰባት ሰከንድ ሙሉ ጉልበት እየጠየቁበት ነው። በተጨማሪ እርስዎ ፍሬን ሲይዙ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ጎን ይሸሻል፤ ያም ለሞተሩ እንግዳ ነው። በአጭሩ፣ የጓደኛዎ ማገጃ ዋና በሮቹ ከጎን ናቸው፤ የእርስዎ ማገጃ በአራቱም ወገን በር ያስፈልገዋል፤ መዝገብዎንም ሲያነቡ የጎኑን ብቻ ሳይሆን የፍሬኑን ግፊያ ጭምር ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ እኛ የፎርሙላ ኤስ ኤ ኢ ቡድን አባላት ነን። ለሙከራ የሚሆን ትራክ የምናገኘው አልፎ አልፎ ነው። ኮፓችንን በወርክሾፕ ውስጥ መፈተን እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ትራክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ኮፓውን ከማገጃውና ከመምጠጫው ጋር በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ሞተሩ ሲሠራ ኮፓው ውስጥ ይቀራል ብላችሁ የምታምኑትን ያህል ዘይት ብቻ አፍሱበት፤ ከዚያ በአራቱም አቅጣጫ እያጋደማችሁ መምጠጫው በስንት ዲግሪ እንደሚገለጥ መዝግቡ። ለምትጠብቁት የጎን ግፊያ የሚገባው ማዕዘን ቀላል ሒሳብ ነው፤ የማዕዘኑ ታንጀንት ከጂው ቁጥር ጋር እኩል ነው። በውድድሩ ደንብ መኪናችሁ በጠረጴዛ ላይ 60 ዲግሪ ተጋድሞ የሚፈተሸውም 1.7 ጂን እንዲወክል ታስቦ ስለሆነ ይህን ቁጥር ለኮፓውም መነሻ ብታደርጉት ተገቢ ነው።

የፈተናውን ድካምም ዕወቁ። መጋደም የዘይቱን ገጽ አቅጣጫ በትክክል ያሳያል፤ ዘይቱ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሲወረወር የሚፈጥረውን ማዕበል ግን አያሳይም። በኮኖች መካከል ግራ ቀኝ የሚዘልል መኪና ላይ የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዕበሉ ነው። ስለዚህ ቆይታ ያለውን ግፊያ በክብ ላይ ፈትኑ፤ የውድድራችሁ የስምንት ቁጥር ፈተና ውስጠኛ ክቦቹ ዲያሜትራቸው 15.25 ሜትር ስለሆነ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይበቃዋል። በቀስታ ጀምራችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ጨምሩ፤ በየደረጃው መዝገቡን ሳታዩ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ማዕበሉን ደግሞ በኮኖች መካከል ፈትኑት። ግፊቱ ሲወድቅ ነጂው ወዲያውኑ እግሩን ከስሮትሉ አንሥቶ ፍሪሲዮን እንዲረግጥና ሞተሩን እንዲያጠፋ አስቀድማችሁ አለማምዱት።

ጥያቄ፦ ወፍራም ዘይት ባደርግ ቀስ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ ከመምጠጫው አይሸሽም ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሙቅ ዘይት፣ የትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ በ1 ጂ ግፊያ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ግድግዳው ይደርሳል። ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት ደግሞ ከቴስታታው ወደ ኮፓው ለመመለስ ይዘገያል፤ ያ የተቸገሩበትን ነገር ያብሰዋል። ይልቅስ የዘይቱን ሙቀት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ይግጠሙ፤ ከ130 በላይ የሚወጣ ዘይት መቅጠኑ ራሱ የግፊት ጉዳይ ነው። ሲገዙም ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ምልክት ያለውን ይምረጡ። ብዙ የመኪና ዘይቶች ውስጥ ያለው ሰበቃ ቀናሽ ቅመም ዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል፤ ከሞተርሳይክል ሁለት እጥፍ በላይ የሚመዝን መኪና የሚጎትት ፍሪሲዮን ደግሞ ያለዚያም ብዙ ተሸክሟል።

ጥያቄ፦ መብራቱ አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ አለ። ሞተሩ አሁን ድምፁ ጤናማ ነው፤ ጉልበቱም አልቀነሰም። ልፍታው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ በስንት ዙር ላይ እንደበራ ይለያያል። ሞተሩ በነጻ እየዞረ፣ ዘይቱም በጣም ሞቆ ሳለ ከሆነ መጀመሪያ ሴንሰር ገጥመው ይለኩ። ጉልበት እየሳበ በከፍተኛ ዙር ላይ ከነበረ ግን ድምፁን አይመኑ፤ የተጎዳ ብሮንዚን ማንኳኳት የሚጀምረው ቅርፊቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ፊልትሮውን አውጥተው ቆርጠው ይክፈቱት፤ ወረቀቱን ዘርግተው በብርሃን ይመልከቱ። ጥቂት ጥቁር ደቃቅ ብናኝ ካምቢዮና ፍሪሲዮን በሚጋራ ሞተር ውስጥ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ ስስ ቅርፊት ወይም መዳብ መሰል ቀለም ያለው ነገር ካዩ ሞተሩን እንደገና አያስነሡት። ምንም ባያዩም ኮፓውን አውርደው ቢያንስ ከፓምፑ የራቁትን የሁለት ቢየላዎች ቆቦች ይፍቱና ብሮንዚኖቹን ይመልከቱ። ገጻቸው ወጥና ደብዛዛ ግራጫ ከሆነ መልካም ነው፤ በመካከሉ የተወለወለ፣ የተጫረ ወይም ከሥሩ ሌላ ቀለም የታየበት ብሮንዚን ተመልሶ አይገጠምም፤ ያን ጊዜ የሁሉንም ቢየላዎች ይፍቱ፤ የክራንክ ሻፍቱንም ገጽ ያስለኩ። አዲሶቹን ሲገዙ በክራንክ ሻፍቱና በቢየላው ላይ ያሉትን ምልክቶች አንብበው በመመሪያው ሠንጠረዥ መሠረት በቀለም የሚለዩትን ትክክለኛ ውፍረቶች ይምረጡ። የቢየላ ቡሎኖቹ ዳግም መታሰር የማይፈቀድላቸው ዓይነት ከሆኑም በአዲስ ይተኩ።

ሲጨርሱ ማቀዝቀዣውን፣ ቱቦዎቹንና የግፊት ማጠራቀሚያ ሲሊንደር ካለም እርሱን ፈትተው ይጠቡ፤ በውስጣቸው የተደበቀ የብሮንዚን ቅርፊት አዲሱን ሞተር በመጀመሪያው ሰዓት ያበላሸዋል። አዲሱን ፊልትሮ በዘይት ሞልተው ይግጠሙ፤ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥተው፣ ነዳጁንና የእሳቱን መስመር አቋርጠው፣ ሞተሩን በማስነሻው ብቻ በአጭር በአጭሩ ያዙሩት። በመለኪያው ላይ ግፊት ታይቶ እስኪጸና ድረስ ካንዴላዎቹን አይመልሱ።